ያልተፈረመው ርክክብ

ሆስፒታሉ ውስጥ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ቢሮ ብቻ ነበር። ለሌላው፣ ከበር ዘበኛው እስከ ቀዶ ሐኪሙ፣ ሲስተር ሻሽ ነች። ቅጽል ስሙ የተለጠፈባት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር ባየች ቁጥር ከኪሷ የቁስል ሻሽ ቁራጭ መዥረጥ ታደርግና አንገቱ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስርበታለች። ሻሽ የታሰረበት ባዶ ነው፤ አንገቱ የተራቆተ ሙሉ ነው። በቃ። ለዚህ ስልጠናም ሰርተፊኬትም አያስፈልግም።

ይህን ያስተማረቻት የያኔዋ የክፍል ኃላፊ ነበረች፤ እግሮቿ ከመቆም ብዛት ያበጡ፣ ድምፅዋ የጎረነነ አሮጊት። "ስሚ አንቺ ልጅ" ብላት ነበር ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ "ምልክት ማለት መብራት ጠፍቶ፣ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እየጮኸብሽ የምትለዪው ነገር ነው። አነብበዋለሁ ብለሽ በጽሑፍ አትመኪ። ቋጠሮ በእጅ ይዳሰሳል።"

ወጣቷ ነርስ ያኔ በሆዷ ስቃባታለች። በዚያው ዓመት ግን፣ እሷ ባልነበረችበት ፈረቃ፣ አንድ ጫማ ሰሪ ባዶ ሲሊንደር ተገጥሞለት አረፈ። ሰውየው ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን አስተካክሎ ያስቀመጣቸው ጫማዎች የሚወስዳቸው ዘመድ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት እዚያው ቆዩ። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ሲወለወል አንስታ፣ ሲደርቅ መልሳ የምታስቀምጣቸው እሷ ነበረች። በገዛ እጁ የሰፋቸው ጫማዎች ነበሩ፤ ሶላቸው ገና አልተበላም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏል። እስከ ዛሬ ድረስ ጫማ መደብር ፊት ስታልፍ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ሶሉ ላይ ነው።

ወረርሽኙ ሲመጣ ሲስተር ሻሽ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለጡረታ ስምንት ወር ቀርቷታል።

የሆስፒታሉ የድሮ መመገቢያ አዳራሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ዋርድ ተቀየረ። ጠረጴዛዎቹ ወጡና ዐሥራ ስድስት አልጋ ገባ፤ ኃላፊነቱም ለሲስተር ሻሽ ተሰጠ። ግድግዳው ላይ "ተጠቅመው ሲጨርሱ ትሪዎን ይመልሱ" የሚለውን ጽሑፍ ግን የሚፍቀው ሰው አልተገኘም፤ በሽተኞቹ በጀርባቸው ተኝተው ቀኑን ሙሉ ሲያነቡት ይውላሉ። ምግብ ሲታደልበት በነበረው ጥግ፣ ውሃ መውረጃው አጠገብ፣ ሰው የሚያህሉ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ተደረደሩ።

ነርሶቹ ነጭ ቱታ ውስጥ ገብተው ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ። ማን ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ጀርባቸው ላይ በማርከር ስም ይጻጻፋሉ። የእሷ ጀርባ ላይ "ሻሽ" ይላል። ከሁሉም ወጣት የሆነችው ነርስ ጀርባ ላይ "ሚጢጢ" ተብሎ ተጽፏል፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ሲሆን ቁመቷ አጭር ስለሆነ ቱታው በሁለት ቦታ ታጥፎ በፕላስተር ይያዝላታል። "ምሰሶ" የሚባለው ነርስ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እሱ ቱታ ለብሶ ሲቀመጥ የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ይቀደዳል።

ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ሲስተር ሻሽ ዋናው ቤት አትገባም። ጓሮ ያለችውን ክፍል ይዛለች። ልጇ፣ ትምህርት ቤቷ የተዘጋባት አስተማሪ፣ ራቷን በር ላይ አስቀምጣ አራት እርምጃ ወደኋላ ትልና ግድግዳውን ተደግፋ ታወራታለች።

"እማ፣ ለጡረታ ጥቂት ወር ነው የቀረሽ። ሐኪም ወረቀት ይጻፍልሽና ተያቸው።"

"ማንን ነው የምተወው? በሽታውን ነው በሽተኞቹን?"

"ሁለቱንም!"

"በሽታው እኔን ካልተወኝ እኔ ምን ቆርጦኝ እተወዋለሁ። ይልቅ ጨው አብዝተሻል።"

"አፍንጫሽ ማሽተት ካቆመ ምላስሽም አይታመንም፤ ጨው አላበዛሁም።"

"ይሸተኛል፣ ጣዕሙም ይታወቀኛል። እንደውም መናደድሽ ራሱ ይሸተኛል።" ልጅየዋ ሳትወድ በግዷ ትስቃለች። እናትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ልጇ ዋናው ቤት ገብታ መብራት እስክታበራ ድረስ ታያታለች። አምስት ወር ሙሉ አልተቃቀፉም።

በአራተኛው ወር የኢንፌክሽን መከላከያ ኮሚቴው ደብዳቤ አወጣ። ዋርድ ውስጥ አላስፈላጊ ጨርቅ ተከልክሏል፤ ጨርቅ ተህዋስ ይይዛል፤ ሻሽም ለቁስል እንጂ ለብረት አልተሠራም። ከእንግዲህ ባዶ ሲሊንደር ላይ በጠመኔ የመስቀል ምልክት ይደረጋል።

"ጠመኔ ለጥቁር ሰሌዳ ነው" አለች ሲስተር ሻሽ ስብሰባ ላይ። በሚቀጥለውም ስብሰባ ይህንኑ ደገመችው። በሦስተኛው ስብሰባ ሰው ሁሉ አፏን ስትከፍት ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ። በዚያ ሰሞን ሁለት ባልደረቦቿ ታመው አንዷ እዚያው ዋርድ ውስጥ፣ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ፣ አርፋለች። በአራተኛው ስብሰባ ሲስተር ሻሽ ደከማት። ወረቀቱ ሲዞር እንደ ሌላው ሰው ፈረመች። እድሜዋን ሙሉ ካደረገቻቸው ነገሮች ሁሉ፣ ደክሟት የፈረመችው ይህ ፊርማ ነው ኋላ ላይ ሆዷን የበላት።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ቀን ነው።

እኩለ ቀን ላይ ፀረ ተህዋስ ረጪው፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ተጫዋች ሰው፣ የበረኪናውን መርጫ በጀርባው አዝሎ ገባ። ሲስተር ሻሽ በሽተኛ እያገላበጠች ሳለ ዘወር ብላ "ጥጓን አትርሳት!" አለችው። "ከሲሊንደሮቹ ኋላ ሸረሪት ካገኘሁ የምረጨው አንተን ነው።"

"ሲስተር፣ እርስዎን ፈርቶ እዚህ ቤት ሸረሪትስ መች ይደፍራል" አለና ጥጉን ከላይ እስከ ታች አጠበላት። አሳምሮ አጠበላት።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው ሰው ሲሊንደር አለቀ። ስድስት ቁጥር ልብስ ሰፊ ነው፤ ዕድሜው ስድሳ አምስት ሲሆን ትንፋሽ ባገኘ ቁጥር ሰው በዓይኑ ይለካል። "የአንቺ ትከሻ ሠላሳ ስምንት ነው" ብሏታል ሲስተር ሻሽን በመጀመሪያው ቀን፣ በየቃሉ መሀል እየተነፈሰ። "ይህን ቱታ... የሰፋው ሰው... መታሰር አለበት።"

ሚጢጢ ሮጣ ከጥጉ ምልክት የሌለበት ሲሊንደር እየገፋች አመጣች። መፍቻዋን አዙራ ገጠመች። የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ፣ መርፌ መሀል ላይ ተጣብቆ ከቀረ ወር አልፎታል፤ ሌላ ጌጅ ቢጠየቅ ቢጠየቅ አልመጣም። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ጠርሙሷን አየች። ኦክስጅኑ የሚያልፍባት ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ደህና ነው። ሚጢጢ ወደ ዐሥራ አንድ ቁጥር ሄደች።

አልቋል የተባለ ሲሊንደር ውስጥም ግን ትንሽ ትንፋሽ ይቀራል። ለዐሥር ደቂቃ የሚሆን።

ሲስተር ሻሽ በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ነበረች። መነጽሯ በላብ ስለተደፈነ የምታየው የሰው ጥላ ብቻ ነው። ሆኖም በዚያ አዳራሽ ዐሥራ ስድስት ጠርሙስ እየተፍለቀለቀ የሚሰጠውን ድምፅ፣ እናት የልጆቿን ኮቴ እንደምትለይ ለይታ ታውቀዋለች። አንዱ ጸጥ አለ። ቀና አለች። ከግራ በኩል ነው።

"ስድስት!" ብላ ጮኸች። "ስድስት ቁጥርን እዩ!"

ምሰሶ ቀድሞ ደረሰ። "ሰማንያ አንድ!" አለ በበሽተኛው ጣት ላይ የተሰካችውን የኦክስጅን መለኪያ እያየ። "ሰባ ስድስት! ከንፈሩ ጠቁሯል!"

ሲስተር ሻሽ ወደ ጥጉ ሮጠች። እዚያ ደርሳ ክው ብላ ቀረች። ዘጠኝ ሲሊንደር ተደርድሯል፤ ዘጠኙም እንደ አዲስ ሙሽራ ታጥበው ያበራሉ። አንድም መስቀል የለም። ወለሉ ላይ ነጭ የጠመኔ ዝቃጭ በቀጭኑ ወርዶ ውሃ መውረጃው አፍ ላይ ደርቋል።

ቆማ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። መፍቻውን የመጀመሪያው ላይ አዞረች፤ እፍ ብሎ ቆመ። ሁለተኛው፣ እፍ። ሦስተኛው ያንን እንኳ አላለም። "ስድሳ ዘጠኝ!" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። አራተኛውን ስታዞር ሲሊንደሩ እንደ በሬ አገሳ። እሷና ምሰሶ ተጋግዘው እየጎተቱ ወሰዱት፤ ገጠሙት። ጠርሙሷ ተፍለቀለቀች። ሁለቱም የሚያዩት መለኪያዋን ነው። ስድሳ ስምንት። ስድሳ ስምንት። ሰባ። ሰባ አምስት። ሰማንያ አራት ላይ ሲደርስ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ገለጠ።

ሚጢጢ አልጋው እግር ሥር ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ነበር። "ገደልኩት፣ ገደልኩት" ትላለች።

"ማንን ነው የገደልሽው?" አለች ሲስተር ሻሽ። "ይኸው ዓይኑን አፍጥጦ እያየሽ ነው። ተነሺ፣ ሊለካሽ ነው።"

ቱታዋን አውልቃ፣ የማስኩ ጠርዝ ያቆሰለውን አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ የገዛ ድምፅዋ ተመልሶ መጣባት። ጥጓን አትርሳት። የተናገረችው እሷ ነች። የፈረመችውም እሷ ነች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያላየቻቸው እነዚያ ጫማዎች እዚያ አግዳሚ ወንበር ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡ መሰላት።

በማግሥቱ ማትሮኗ፣ የነርሶች ሁሉ አለቃ፣ ቢሮዋ አስጠራቻት። ሁለቱ የነርስ ትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው። ሦስት ዓመት በትምህርት ቤቱ፣ ሥራ ሲጀምሩም በሆስፒታሉ ማደሪያ አንድ ተደራራቢ አልጋ ተካፍለው ኖረዋል፤ ማትሮኗ ከላይ፣ ሲስተር ሻሽ ከታች። ያኔም ማትሮኗ ከላይ ሆና የምትጥለው ነገር ሁሉ ከታች ያለችው ላይ ነበር የሚያርፈው።

ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ሪፖርት ነበር። ወጣቷ ነርስ ሲሊንደሩን ሳታረጋግጥ ገጠመች ይላል። ጠመኔ የሚል ቃል የለበትም። በረኪናም የለበትም።

"ፈርሚ" አለች ማትሮኗ። "ልጅቷ ትንሽ ትታገዳለች፣ ጊዜው ያልፋል። ሰውየውም ተርፏል። ላይ ያሉት ሰዎች ስም ይፈልጋሉ፤ ስም ካልሰጠኋቸው ዋርዱን እንዳለ ያምሱታል።"

"ስም ከፈለጉ የኔን ስጫቸው። የሰው ኃይል ቢሮ አለ።"

"አትቀልጂ። አንቺን ብሰጣቸው ዕድሜዋ ስንት ነው ይላሉ። ከሃምሳ አምስት በላይ የሆነ ሰው እዚያ ዋርድ መግባት እንደሌለበት መመሪያ አለ። አምስት ወር ሙሉ አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩሽ ለማን ብዬ ይመስልሻል?"

"ለዋርዱ ብለሽ ነዋ። ሰው የለሽም።"

ማትሮኗ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። እሷም እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች። "እባክሽ፣ እህቴ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይህን ፈርሚና በዋርድሽ ቆዪ። ካልፈረምሽ ካርድ ክፍል ነው የምትሄጂው። እኔ ላድንሽ አልችልም።"

ሲስተር ሻሽ እስክሪብቶውን አነሳች። ሪፖርቱን ገለበጠችና በነጩ ጀርባው ላይ ጻፈች። ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው፤ በመድኃኒት ካርድ ላይ ማንም እንዳይሳሳት አድርጋ መጻፍ የለመደች እጅ ነው።

"የሲሊንደር ምልክት በጠመኔ እንዲሆን ኮሚቴው ወሰነ። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ፈረምኩ። ሐሙስ ቀን ጥጉ በበረኪና እንዲታጠብ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ምልክቱ ታጥቦ ሄደ። ነርሷ ምልክት የሌለበትን ሲሊንደር ገጠመች፤ የታዘዘችውም ይህንኑ ነው። የተጣበቀው ጌጅ እንዲቀየር አራት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀናል።"

ፈረመች። ኮሪደሩ ላይ ካለው ማሽን ሦስት ኮፒ አነሳች። አንዱን ለማትሮኗ ሰጠች፣ አንዱን ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ የሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከፈረቃ ድልድሉ አጠገብ ለጠፈችው።

ቅዳሜና እሁድን ሠራች። ሚጢጢ ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ እቤቷ እንድትቆይ ተደርጋለች። ሲስተር ሻሽም ማንንም ሳታስፈቅድ ሻሿን ከኪሷ አወጣች፤ በሁለት ቀን ውስጥ የጥጉ ባዶ ሲሊንደሮች በሙሉ አንገታቸው ታሰረ። ምሰሶ ሲያያት መቀስ አቀበላት።

ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ዋርዱ ልትገባ ስትል፣ ደብዳቤው ደረሳት። "ለጤናዎ ደኅንነት ሲባል፣ ከዛሬ ጀምሮ በእጅዎ ያለውን ሥራ በአግባቡ አስረክበው በካርድ ክፍል እንዲመደቡ ተወስኗል" ይላል። ልጅቷን በተመለከተ ሌላ ደብዳቤ እንዳለ የነገራት ደግሞ የበር ዘበኛው ነው፤ እዚያ ሆስፒታል ከዘበኛው የሚሰወር ደብዳቤ የለም። የሚጢጢ ጉዳይ ከሰዓት በኋላ ይታያል። ሲስተር ሻሽ በዋርዱ መዝገብ ላይ ከሌለች፣ ለልጅቷ የምትቆም የዋርዱ ኃላፊ አትኖርም። ጠመኔውም ይመለሳል።

ቱታዋን ለበሰች። ምሰሶ ጀርባዋ ላይ "ሻሽ" ብሎ ጻፈላት፤ ማርከሩ ጀርባዋ ላይ ሲሄድ ተሰማት፣ ከወትሮው ቀስ ብሎ ነው የጻፈው። የርክክብ መዝገቡን ይዛ ገባች።

በዚያ ሆስፒታል ርክክብ በጠረጴዛ ላይ አይሆንም። አስረካቢዋ ነርስ ተረካቢውን ይዛ አልጋ ለአልጋ ትዞራለች፤ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ ራሱ በሽተኛው እየሰማ ትናገራለች፤ መጨረሻ ላይ ተረካቢው ይፈርማል። በመዝገቡ ሽፋን ውስጥ፣ ከሁሉም የቆየ ሆኖ የተለጠፈው ደንብ አንድ መስመር ነው፤ ተረካቢ ሳይፈርም አስረካቢ ከክፍሉ አይወጣም።

ዞረች። አንድ ቁጥር፣ ማታ ላብ ነበረው፣ ውሃ አብዙለት። አራት ቁጥር፣ መስማት ይቸግራታል እንጂ አላበደችም፤ በግራ ጆሮዋ በኩል ሂዱ። ስድስት ቁጥር፣ ዘጠና አንድ ላይ ነው፣ ምላሱ ደግሞ መቶ ላይ። ባልደረባዋ ያረፈችበት ዘጠኝ ቁጥር አጠገብ ስትደርስ የአልጋውን ጠርዝ በእጇ ዳሰሰችና ቀጠለች። ዐሥራ ስድስት ላይ ጨረሰችና መዝገቡን ለምሰሶ ዘረጋችለት።

ምሰሶ መዝገቡን አየ። ከዚያ ጣሪያውን አየ። "ሲስተር፣ እጄ ጓንት ውስጥ ነው" አለ።

"እንዲህ አድርገህ ሺ ጊዜ ፈርመሃል።"

"ዛሬ ያዳልጠኛል።"

ወደ ሁለተኛዋ ተረካቢ ዞረች። "እኔ እስክሪብቶ የለኝም" አለች ነርሷ፣ ጆሮዋ ላይ የሰካችው እስክሪብቶ በቱታው ቆብ ሥር ጉብ ብሎ እየታየ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ዝምተኛ የሆነው፣ ትንሽ አሰበና "እኔ ፊርማዬ ጠፍቶብኛል፤ ሌላ እስካወጣ ይጠብቁኝ" አለ።

ሲስተር ሻሽ መዝገቡን ዘርግታ እንደያዘች ቆመች። ከመነጽሯ በስተጀርባ ዓይኗን የሞላው ላብ ይሁን ሌላ ነገር ማንም አላየም። አምስት ወር ሙሉ ብቻዋን የምትሟገት ይመስላት ነበር። ሽፋኑን ገለጠችና ያቺን አንዲት መስመር ደንብ ለራሷ አነበበቻት። ከዚያ መዝገቡን ብብቷ ውስጥ ከታ "እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች። "አራት ቁጥር ትገላበጥ። ከክፍሌ አልወጣሁም።"

አራት ሰዓት ላይ ማትሮኗ ከዋርዱ በር መስተዋት ወዲያ ማዶ ታየች። ስልኩን አነሳች። ዋርዱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

"ለምንድን ነው ያልወጣሽው?"

"የሚረከበኝ ጠፋ።"

"እንዴት ይጠፋል? ሦስት ሰው ቆሞ ይታየኛል!"

"አንዱ ጓንት ያዳልጠዋል፣ አንዷ እስክሪብቶ የላትም፣ አንዱ ፊርማውን ጥሎታል። ደብዳቤሽ አስረክበሽ ውጪ ነው የሚለው። ሳላስረክብ ብወጣ ነው የምጠየቀው።"

"በሕግ ልትጫወቺብኝ ነው?"

"ሕጉ የናንተ ነው፤ እኔ አንብቤው ነው።" ድምፅዋ ወፈረ። "የግድ ውጪ ካልሽ ደግሞ ዘዴው ቀላል ነው። አንቺም ነርስ ነሽ። ልበሺና ግቢ፣ ተረከቢኝ፣ ፈርሚ። የፈረመ ይረከባል። ዐሥራ ስድስት ነፍስ በስምሽ ይሆናል፤ ጥጓም በስምሽ ትሆናለች።"

ማትሮኗ ስልኩን ዘጋች። ሄዳ ቀረች ብለው ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን በሩ ተከፈተና ጀርባዋ ላይ ምንም ያልተጻፈባት አንዲት ነጭ ቱታ ገባች። አረማመዷ ያስታውቃል። ዋርድ ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ እግሯን እያነሳች የምትጥለው እርጥብ ወለል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው።

"አስረክቢኝ" አለች።

ሲስተር ሻሽ አንዲት ቃል ሳታጎድል ከአንድ ቁጥር ጀመረች። ማትሮኗ ከጎኗ ትከተላለች። አራት ቁጥር ላይ ሴትየዋ የማትሮኗን እጅ ያዘችና አልለቅ አለች፤ ማትሮኗም እጇን ሳታስለቅቅ ብዙ ቆመች። ስድስት ቁጥር ላይ ልብስ ሰፊው ከላይ እስከ ታች ገመገማት።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት? አርባ ሁለት። ስብሰባ የሚበዛባት ሴት ናት።"

"ተረካቢ ነኝ፣ ጋሼ" አለች ማትሮኗ።

"እንግዲያው ጆሮሽን ለውሃው ስጪ" አለ፣ በጣቱ ጠርሙሷን እያሳየ። "እኔ ሐሙስ ዕለት ሲያቆም ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ... ሰምቼ አላውቅም። እሷም ሰምታው ነው እዚህ ያለሁት።"

ማትሮኗ ቆመች። አዳራሹ ውስጥ ዐሥራ ስድስት ጠርሙስ ይፍለቀለቃል። መነጽሯ መደፈን ጀምሯል፤ እጇን ዘርግታ ልታብሰው ብትል አይቻልም፣ ከውስጥ ነው። እንዲሁ ጭጋግ ውስጥ ሆና፣ ዙሪያውን ታዳምጥ ጀመር። ከዚያ ማንም ሳይመራት ወደ ጥጉ ሄደች። አየት እንኳ ሳታደርግ እጇን በሲሊንደሮቹ አንገት ላይ አሳለፈች። ቋጠሮ። ቋጠሮ። የተራቆተ አንገት። ቋጠሮ።

"ያቺ አሮጊት" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ከማስኩ ሥር እየታፈነ። "እኔንም አስተምራኝ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች ሲስተር ሻሽ። "ከላይኛው አልጋ ሆነሽ ሻሼን ትሰርቂኝ አልነበር።"

"ጨርቅ ግን በእርግጥ ተህዋስ ይይዛል።"

"የጠረጴዛ ላስቲክ አምጡልኝ" አለ ልብስ ሰፊው ከአልጋው፣ ሳይጠየቅ። "ቀይ ይሁን። ቀድጄ ማሰሪያ አደርግላችኋለሁ። በበረኪና ብትዘፈዝፉት... ምንም አይለው። ሥራ ስፈታ ነው እኔ የምሞተው።"

ማትሮኗ መዝገቡን ተቀበለች። እስክሪብቶውንም። የአስረካቢ በሚለው ሥር የጓደኛዋን ፊርማ አየች፤ የተረካቢ የሚለውን ክፍት ቦታ አየች። ሦስቱ ነርሶች ሥራ የያዙ መስለው ትንፋሻቸውን ውጠዋል።

"ልጅቷ ነገ ፈረቃ አላት?" አለች።

"ነበራት።"

"ትግባ። ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡት ሰዎች የሚያነቡት ወረቀት ያቺ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሻት ናት። ፊርማሽ ከሥሩ አለ፤ የኔም ይገባበታል። ጠመኔውን ኮሚቴው ነው ያመጣው፣ ኮሚቴውን ደግሞ የምሰበስበው እኔ ነኝ።" እስክሪብቶውን መለሰችላት። "የዕድሜሽን ነገር ግን ይጠይቁኛል።"

"ርክክብ አልተፈጸመም በያቸው።"

ማትሮኗ መዝገቡን ዘጋችና መልሳ ሰጠቻት። የተረካቢ ቦታው ባዶ ነው። ከዚያ ልትወጣ ስትል አንድ አዲስ ያለቀ ሲሊንደር ምሰሶ እየገፋ ሲያመጣ አየች። እጇን ዘረጋች፤ ሲስተር ሻሽ ከጥቅሉ አንድ ቁራጭ ቀድዳ አቀበለቻት። ማትሮኗ ጎንበስ ብላ፣ ወፍራሙ ጓንት እያስቸገራት፣ ሻሹን በሲሊንደሩ ወገብ ዙሪያ ማሰር ጀመረች።

"ኧረ በስመ አብ!" አለች ሲስተር ሻሽ። "አንገቱ ላይ! ቀሚስ ልታለብሺው ነው እንዴ? ፍቺና እንደገና ጀምሪ።"

ማትሮኗ ፈታችና እንደገና ጀመረች።